«ማኅፀንዎ ባዶ ነው» የተባልኩ ዕለት

ስለ ሕመሙ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብዬ ነው» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንደዚያ ብዬ ብጀምር የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ሳስተምርም ሆነ በየመጽሔቱ ስጽፍ፣ ሥራዬ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መጠራጠር ነው። ተአምር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አየ?» ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ወረቀት ነው። መዳፍ ታክላለች፤ ጥቁርና ነጭ ናት። በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ጥያታለሁ።

ስሜ ገነት ነው። አራት ጊዜ አርግዣለሁ። የመጀመሪያው በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። አምስተኛ ወሩን እንደያዘ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ይህ ነው የሚባል ሕመም ሳይኖረኝ ውኃዬ ፈሰሰ። ሁለተኛው በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ወረደ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው አምስት ወር ደርሶ ሄደ።

ከእያንዳንዱ በኋላ ማብራሪያ አላጣሁም። አንዱ ጋ ደም ማነስ ነው ተባልኩና ክኒን ዋጥሁ። ሌላው ጋ ኢንፌክሽን ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው ሐኪም ፊቴን አይቶ «ብዙ ያስባሉ፤ ማሰብ ይቀንሱ» አለኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማሰብ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ደግሞ ሐኪም ሳትጠይቅ ሾተላይ ነው ብላ ፈረደች። ሾተላይ ድሮ ልጅ የሚነጥቅ መንፈስ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞች የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው ይሉታል። ደሜን አስመረመርኩ። ሾተላይ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም። ውጤቱን ወስጄ ለእትዬ ዘውዴ አሳየኋት።

«ተይ እስቲ፤ ወረቀት ምን ያውቃል!» አለችኝ።

በዚያ ዘመን ሁለታችንም በወረቀት ላይ የነበረን እምነት፣ አሁን ሳስበው፣ እምብዛም አይራራቅም።

ባለቤቴ ሞላ ቀያሽ ነው። ሲሰፍርና ችካል ሲያስተክል ይውላል፤ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ የሚታየው ድንበር ላይ ብቻ ነው። አገሩ ደባት ነው። ዘመዶቹ በየለቅሶውና በየሠርጉ ወደ ጎን እየወሰዱ ምን እንደሚሉት አውቃለሁ። እሱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በቤታችን የገባው ዝምታ ግን ሦስተኛ ሰው ሆኖ አብሮን ማዕድ ይቀርብ ጀመር።

ከሁሉ የከበደኝ የእናቱ ዝምታ ነበር። አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው መንኩሰዋል፤ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ሁለተኛው ጽንስ ሲወርድ ከደባት መጥተው ሁለት ሳምንት አስታመሙኝ። አጥሚት ሠሩ፤ ቤት ጠረጉ፤ ልብስ አጠቡ። ስለ ልጁ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ያን ዝምታ እንደ ፍርድ ነበር የቆጠርኩት።

አንድ ቀን ከቦርሳዬ ውስጥ የአልትራሳውንዱን ወረቀት አወጣሁት፤ በሰባተኛው ሳምንት የተነሳሁት ነው። ጨበጥ አድርጌ ጥራጊው ላይ ጣልኩት። እማሆይ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል።

«ምንድን ነው?»

«ፎቶው ነው። የልጁ።»

«ምነው ታዲያ ይጣላል?»

«ምን ላድርገው እማሆይ፤ ፍሬም ገዝቼ ልስቀለው?»

መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

አራተኛው የመጣው ሞላና እኔ ይበቃናል ብለን ከተውነው በኋላ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ለማንም አልተናገርንም። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ማክሰኞ ጠዋት ትንሽ ደም አየሁ፤ ጠብታ ብቻ። ባጃጅ ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድኩ።

የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ሰው ሁሉ ራሱን ትንሽ የሚያደርግበት ቦታ ነው። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ለሁላችንም «እናት፣ ካርድ ይዘዋል?»፣ «እናት፣ ጠጋ ይበሉ» ትላለች። ልጅ ለሌላት ሴት ይህ ስም ምን እንደሚመስል ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትሕትናዋ ከልቧ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተ። አቆመ። እንደገና አንሸራተተ። ሰው ስክሪን ሲያይ ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ከሦስት እርግዝና ተምሬያለሁ።

«እናት፣ ማኅፀንዎ ባዶ ነው» አለኝ።

«ወርዷል ማለት ነው?»

«አይደለም። ጽንስ አለ። ግን ከማኅፀን ውጪ፣ በቀኝ በኩል ነው የማየው። ይሄ አደገኛ ነው። ሲያድግ ይፈነዳል፤ ደም ወደ ሆድ ይፈስሳል። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት።»

ወዲያው ሪፈር ጻፈልኝ። ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማወራው። ብዙ ሴት ላይ ቢሆን ኖሮ ያለው ልክ ነበር፤ ቶሎ ሆስፒታል መላኩም ልክ ነበር። የእኔ ችግር ብዙ ሴት አለመሆኔ ነው።

ሆስፒታል ሞላ ደረሰልኝ። ኮሪደሩ ላይ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከገጠር የመጣች የማላውቃት ሴት ነበረች። እንደምንቀጠቀጥ አየችኝና፣ ስሜን ሳትጠይቅ የጋቢዋን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ስንጠራ እየተያየን ተለያየን። ብዙ የደግነት ፍልስፍና አንብቤያለሁ፤ የዚያን ጋቢ ያህል ያሞቀኝ የለም።

የተቀበለችኝ ዶክተር ውባለም ነበረች፤ ሃምሳ የሚጠጋት፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል፣ የማትቸኩል ሴት። መጀመሪያ በሆዴ፣ ቀጥሎ ከውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ፣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

«ገነት፣ እውነቱን ልንገርሽ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ሐኪም እንዲህ ሲል የሰማሁት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አመንኳት።

ወረቀት ስባ በእስክሪብቶ ሣለች። «ይኼ የማኅፀንሽ ክፍል ነው፤ ባዶ ነው። ጽንሱ እዚህ ነው፤ በቀኝ ጥግ። ዙሪያውን የማኅፀን ሥጋ የከበበው ይመስለኛል። በዚህ በኩል ግን ሥጋው ስስ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ከቦታው ውጪ ጥጉ ላይ የተጣበቀ ጽንስ ከሆነ ይፈነዳል፤ ልትሞቺ ትችያለሽ። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሴት ከተፈጥሮዋ ማኅፀኗ ሁለት ክፍል ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ልጁ ውጪ አይደለም፤ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ያኔ ደግሞ የምናወጣው በሰላም የተቀመጠ ልጅ ነው ማለት ነው።»

ሞላ ሥዕሉ ላይ አጎንብሶ «ድንበሩ የት ላይ ነው?» አለ።

«የጠፋኝ እሱ ነው» አለች። «ድሮ ስታረግዢ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተነሳሽው አልትራሳውንድ አለ? ያኔ ሁለተኛው ክፍል ታይቶ ከሆነ፣ ዛሬ ጽንሱ ያለበት ቦታ ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሞላ ቤት ሮጦ የሕክምና ማኅደሬን አመጣ። ያለው የሦስተኛው እርግዝና ወረቀት ብቻ ነው። ስናወጣው ነጣ ያለ ባዶ ቁራጭ ሆኗል።

«ይኼ ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ይበላዋል» አለች። «ደግሞ ቢታይም አይጠቅመንም፤ የአምስት ወር ነው። ልጁ ሲያድግ ክፍሉን ሞልቶ ቅርጹን ይሸፍነዋል። ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ነው። የሰባት ሳምንት፣ የስምንት ሳምንት የለሽም?»

«ነበረኝ። ጥዬዋለሁ።»

ይህን ስል ድምፄ እንዴት እንደነበረ አላውቅም፤ ዶክተር ውባለም ግን እጄን ያዘችኝ። ያነሳኝ ክሊኒክ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሕመም ስለሌለኝ፣ የደም ግፊቴም ደህና ስለነበረ፣ ተኝቼ እንድጠበቅና በማግስቱ ጠዋት እንደገና እንድታይ ተወሰነ። ደም ተዘጋጀ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ተነገረው። ሆዴን ከቆረጠኝ አንድ ደቂቃ እንዳልዘገይ ተነገረኝ። ጠዋት ነገሩ ካልለየ ይወጣል። ዶክተር ውባለም ሕይወቴን በጥርጣሬ ላይ አታቆይም፤ ትክክል ነች።

ሞላ አልጋው አጠገብ ቆሞ እናቱ ጋ ደወለ። የእማሆይ ድምፅ ከስልኩ ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ደባት ርቆ ስለሚመስላቸው ይጮኻሉ።

«እማ፣ ገነት ሆስፒታል ገብታለች። ጸልዪላት።»

«ምነው? ምን አገኛት?»

«አርግዛ ነበር። ቦታው አልለይ ብሎ ነው። የድሮውን ፎቶ አምጡ አሉን፤ የለም።»

«የቱን ፎቶ?»

«የዛሬ ስድስት ዓመቱን። የጣለችውን።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሞላ «ሀሎ፣ ሀሎ» አለ።

«እሱማ እኔ ዘንድ አለ» አሉ እማሆይ።

በዚያ ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር፤ ይህም በእኛ አገር ዛሬ ለብቻው የሚመሰገንበት ነገር ነው። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጡ። ነጭ ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ የባላቸውን ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ክፍሉ ገቡ። ግንባሬን ሳሙኝ። ማኅደሩን ፈቱ፤ ዳዊቱን አወጡ፤ ከቅጠሎቹ መካከል በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ።

የኔ ወረቀት ናት። ጨብጬ የጣልኳት ጊዜ የተሠራው እጥፋት አሁንም መሐሏ ላይ አለ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው። ብርሃን አልነካትም።

«ምነው አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ጥለሻል። ያልተጠመቀ ልጅ ፍትሐት የለው፣ መቃብር የለው፣ ስም የለው። ዳዊት ቢደገምለት ግን ማን ይቆጣኛል ብዬ ውስጡ አኖርኩት። ዳዊቱን ስከፍት አብሮ ይሰማል።»

ስድስት ዓመት። እኔ ያ ዝምታ ክስ ነው ብዬ ስንት ቀን ተከላክያለሁ፤ በአእምሮዬ ስንት መልስ አዘጋጅቼላቸዋለሁ። እሳቸው ለልጄ ሲደግሙ ኖረዋል።

ዶክተር ውባለም ወረቀቷን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። መነጽሯን አደረገች። ከዚያ አብረዋት ያሉትን ተማሪ ሐኪሞች «ኑ፣ ኑ እዩ» ብላ ጠራቻቸው። ጣቷን በግራ በኩል ባለው ጥቁር ነጥብ ላይ አደረገች። «ይኼ ያኔ የነበረው ጽንስ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ኑ። ይችን ነጭ ጭረት እዩ። ምንድን ናት?» አንዱ ቀስ ብሎ «ሌላ ክፍል» አለ።

«ሌላ ክፍል» አለች። «ያነሳው ሰው አላየውም፤ ወይም አይቶ አልጻፈውም። ገነት፣ ማኅፀንሽ ባለ ሁለት ቀንድ ነው። ያኔ ልጁ የተቀመጠው በግራው ነበር። ዛሬ ግራው ባዶ ነው፤ ልጁ በቀኙ ነው ያለው።»

እማሆይ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ነበር። «መንታ ነበሩ አይደል?» አሉ።

«አይ እማሆይ። ልጁ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸው በግራ። ይቺኛዋ ባዶ ክፍል ናት።»

«ባዶ?» ወረቀቷን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጓት። «እኔ ሁለት ነገር ስለማይ መንታ መስሎኝ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ለሁለት ነው የደገምኩ። ለሁለተኛው ያልኩት ታዲያ ለማን ሆነ?»

ተማሪዎቹ ሳቅ ሲሉ ዶክተር ውባለም ግን አልሳቀችም። «እሱን እኔ አላውቅም እማሆይ። እኔ የማየው ሥጋውን ነው» አለች።

ከዚያ እንደገና ወደ መሣሪያው ተወሰድኩ። በቀኝ በኩል የት እንደምታይ አሁን ታውቃለች። ዙሪያውን በሥጋ የታጠረ ትንሽ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ጥቁር ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነገር። መካከሉ ላይ አንድ ነጥብ ይርገበገባል። ሞላ ድንበሩን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ያን ቀን ጠዋት ልናወጣ የተዘጋጀነው ይህን ልብ ነበር።

በኋላ ዶክተር ውባለም ያስረዳችኝን ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ማኅፀን ሲሠራ አንድ ሆኖ አይጀምርም። ሴት ልጅ በእናቷ ሆድ ውስጥ ገና የጣት ርዝመት እንኳ ሳይኖራት፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተነስተው ወደ መሐል ይመጣሉ፤ ይገናኛሉ፤ ይጋጠማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይጠፋና አንድ ክፍል ይሆናል። የኔዎቹ ከታች ተገናኝተው ከላይ ሳይገናኙ ቀሩ። እናቴ እኔን ማርገዟን ለሰው ሳትናገር፣ እኔ ዓይን ሳላወጣ፣ ለልጄ የሚሆነው ቤት እየተሠራ ነበር፤ ሠሪው መሐል ላይ ተወው። አርባ ሁለት ዓመት ማንም አላወቀም። ማሰብ ብቀንስ አይጋጠምም ነበር። ሾተላይም አልነበረም። በሆዴ ውስጥ አንድ ሰፊ ክፍል ሳይሆን ሁለት ጠባብ ክፍሎች ስለነበሩ፣ ሁለቱ ልጆቼ አምስት ወር ሲሞላቸው ጠበባቸው፤ ያ ብቻ ነው። ስለ ሰው ልጅ አፈጣጠር የተጻፈ ብዙ አንብቤ ብዙውን አፊዤበታለሁ። በራሴ ሆድ ላይ ግን ማፌዣ አጣሁ።

መዳኔ ያን ቀን አላለቀም። ዶክተር ውባለም ኩላሊቶቼን አየች፤ ማኅፀንና ኩላሊት ጎን ለጎን ስለሚሠሩ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ሊጎድል ይችላል አለች።

«ደህና ናቸው። ሁለት ናቸው» ስትል ሞላ ደነገጠ።

«እሱም ሁለት ሆነባት?»

«አቶ ሞላ፣ ኩላሊት ለሁላችንም ሁለት ነው» አለችው። ከስንት ቀን በኋላ የሳቅነው ያኔ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የማኅፀኔን አፍ ርዝመት እየለካች ተከታተለችኝ። በአምስተኛው ወር ሲያጥር አየችና በክር ሰፋችው፤ እንደ ስልቻ አፍ ነው የሚታሰረው። አምስተኛው ወር እስኪያልፍ ሌሊት በነቃሁ ቁጥር እጄ መጀመሪያ የሚሄደው አንሶላው ርጥብ መሆኑን ለማየት ነበር። ደረቅ ነው። እንደገና እተኛለሁ። መጽሐፍ እንኳ ማንበብ አልቻልኩም፤ ያ ሰውዬ «ማሰብ ይቀንሱ» ያለኝ ተሳካለት። እማሆይ ደባት አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ወረቀቷን ዶክተር ውባለም ለማስተማሪያ ጠይቃቸው «የልጅ ፎቶ ለማን ይሰጣል!» ብለው ስለከለከሏት፣ በስልኳ አንስታ መልሳላቸዋለች።

ልጁ የሚዞርበት ቦታ ስለሌለው መቀመጫው ወደ ታች፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሆኖ ቀረ። ዘጠነኛው ወር እንደገባ በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ተወሰነ። ጀርባዬ ላይ ማደንዘዣ ወጉኝ፤ ከደረቴ በታች መጋረጃ ተዘረጋ። ከመጋረጃው ወዲያ የዶክተር ውባለም ድምፅ መጣ። «ገነት፣ አየሁት። ከላይ ጎድጎድ ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ወረቀቷ እንዳለችው ነው።» ቀጥሎ ልቅሶ ሰማሁ። ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ።

ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከምናምን። እራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኝተው አብረው ሸፈኑን።

ምክር አልሰጥም ብዬ ነበር፤ አንድ ብቻ ልስጥ። እኅቴ ሆይ፣ ጽንስ የሚወርድብሽ ከሆነ «የማኅፀኔ ቅርጽ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ገና በጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ወረቀቱን ስልክሽ ላይ አንሺው፤ ዋናውን ብርሃን የማይነካው ቦታ አኑሪው። አትጣይው። የማይጥል ሰው ሁልጊዜ ከኋላሽ ላይኖር ይችላል።

እማሆይ ልጂቱን ሊያዩ ሲገቡ ዳዊቱ ትከሻቸው ላይ ነበር። «ለሁለተኛው ያልኩት ለማን ሆነ?» የሚለውን፣ ለሰባት ወር ያህል ሲያባንነኝ የነበረውን ጥያቄያቸውን አልረሳሁትም፤ እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሴት ለሱ መልስ አላገኘሁም ነበር። ልጂቱን ከደረቴ አንስቼ በጋቢ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

«እማሆይ፣ ያቺ ሁለተኛዋ ይቻትልዎት» አልኳቸው።

ፊቷን ገልጠው አዩዋት። ምንም የተገረሙ አይመስሉም።

«አውቃታለሁ እንጂ» አሉ። «ምነው ዘገየሽ በያት።»